ሲመታ የሚሠራው ሣጥን

አሊ ያልገባውን ነገር ሁሉ ይመታል፤ ሰዒዳ ያልገባትን ነገር ሁሉ ትፈታለች። አሊ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሳቁ መቱ መናኸሪያ ድረስ የሚሰማ ሰው ነው። ታናሽ እኅቱ ሰዒዳ ደግሞ ጅማ ሦስት ዓመት ኤሌክትሮኒክስ ተምራ የተመለሰች፣ አንድ ቃል ከመናገሯ በፊት ሁለት ጊዜ የምትተነፍስ ልጅ ናት። የሚያገናኟቸው አባታቸው ትተውላቸው ያለፉት የጆተኒ ቤትና በሕይወት ያሉት እናታቸው ብቻ ነበሩ።

በጆተኒ ቤቱ ጥግ የቆመው ባለ ስክሪን የቡጢ ቪዲዮ ጨዋታ ሣጥን ከሁለቱም ይልቅ ዝነኛ ነበር። አባታቸው በ1988 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አሮጌውን ገዝተው፣ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነው ያመጡት ነው። ከሁለት ክረምት ወዲህ ግን በጨዋታው መካከል ስክሪኑ ድርግም ይል ጀመር። ያን ጊዜ አሊ ይመጣና የሣጥኑን ቀኝ ጎን በጡጫ ይለዋል፤ ሥዕሉ ይመለሳል፤ ተጫዋቾቹም “ዶክተር ቡጢ!” እያሉ ያጨበጭባሉ።

ሐምሌ ሲገባ መድኃኒቱ ኃይሉን አጣ። በአንድ ቡጢ ይነቃ የነበረው ሣጥን አሥርም አልበቃው አለ። እናታቸው እትዬ ዘህራ ሁለቱን ጠርተው፣ “ሣጥኑን ያስነሣ፣ ሣጥኑንም የቤቱንም ቁልፍ ይውሰድ። ሌላው አርፎ ይቀመጥ” ሲሉ ቆረጡ።

ቅዳሜ ዕለት የጭነት መኪና ረዳቱ አራርሳ እየተጫወተ ሳለ ስክሪኑ ጠፋ። አራርሳም ሲያይ እንደኖረው ሣጥኑን በጡጫ መታው።

“የእኔን ሣጥን?” አለ አሊ።

“ማል ታቴ? ምን ሆንክ? ሲመታ አይደል እንዴ የሚሠራው!”

“እኔ ስመታው ነዋ!”

አሊ ማጅራቱን ይዞ ፊቱን ከጆተኒው ብረት ጋር አጋጨው። ሁለት ጥርሶች የጆተኒው ሜዳ ላይ ተንከባለሉ፤ አንዱ ጎል ገባ። ሰዉ ደሙን እስኪያይ ድረስ ሳቀ።

እሑድ ጠዋት ሰዒዳ የሣጥኑን የጀርባ በር ከፈተች። ሣጥኑን አብርታ፣ በመፋቂያ ጫፍ የቦርዱን የብየዳ ነጥቦች አንድ በአንድ ጫን ጫን አለች። ከቀኝ ጠርዝ አንዱን ስትጫነው ሥዕሉ መጣ፤ ስትለቀው ጠፋ። በማጉያ መነጽር ስታየው በነጥቡ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። የአሊ ጡጫ የሚያርፍበት ጎን ነው።

“ስትመታው ስንጥቁ ለጊዜው ይገጥማል፤ ግን በየቡጢው ይሰፋል” አለችው፣ ከኋላዋ ቆሞ ሲያያት። “የሰበርከው አንተ ነህ።”

አሊ የሣጥኑን በር በእርግጫ መታው። በሩ በሰዒዳ ቀኝ እጅ ላይ ተዘጋ፤ የሁለት ጣቶቿ ስብራት እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰማ። ደሟ ቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ።

እትዬ ዘህራ ሮጠው መጡ። እጇንም አሊንም አዩ። “ወንድምሽ ነው፣ ቻይው” አሉ በመጨረሻ። “አባታችሁ እርሱንም እየመታ ነው ያቃናው።”

“አልተቃናም እማ” አለች ሰዒዳ ጥርሷን ነክሳ። “ለጊዜው ነው የገጠመው።”

ከጤና ጣቢያ ጣቶቿን አሳስራ ተመለሰች። ኤሌክትሪኩን አጥፍታ ደሙን በአልኮል ጠረገች። በግራ እጇ፣ በጋለው የመበየጃ ብረት፣ የተሰነጠቀውን የብየዳ እርሳስ አቅልጣ አነሣችና አዲስ አፈሰሰችበት። ሦስት ጊዜ እጇ ስቶ ብረቱ አቃጠላት። ሣጥኑ ሲበራ አሊ ጡጫውን ጨብጦ እስኪጠፋ ጠበቀ። ቀኑን ሙሉ አልጠፋም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ቤተሰቡ በተሰበሰበበት እትዬ ዘህራ ቁልፉን ወደ ሰዒዳ ገፉት። ሰዒዳ ሁለት ጊዜ ተነፈሰችና መልሳ ገፋችው።

“ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቡሬ እሄዳለሁ” አለች። “እዚያ የጥገና ቤት እከፍታለሁ። ሣጥኑ ላስነሣው ሰው ነው ብለሻል እማ፤ ቦርዱን ፈትቼ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ባዶውን እንጨት ለአሊ ትቼለታለሁ፤ እስኪበቃው ይምታው።”