የሙዓለም ዘይንሁም ግራ እጅ

ደሙ ተፈናጥቆ መብራቱን መታው። ዶክተር ሂንድ ለበሽተኛው ልብ መቀጠያ እንዲሆን ከደረት አጥንት ሥር ስታላቅቀው የነበረው ደም ቅዳ ተቀዶባታል። አለቃዋ ዶክተር ረእፋት ምላሱም እጁም ፈጣን ነው፤ በያዘው መቆንጠጫ ጣቶቿን መታት።

"እጅሽን አንሺ። የምትገፍፊው በሬ መሰለሽ እንዴ?"

ደሙን ቆንጥጦ አቆመው። በመጋዝ በተሰነጠቀው ደረት ውስጥ ያለው ልብ ግን፣ የተደፈነውን መንገድ የሚዞርበት ሌላ ቧንቧ ያስፈልገዋል። ከክንድ ሊወሰድለት ይችላል፤ ያውም ከማይሠራበት ክንድ። በሽተኛው የካይሮ ቄራ ሥጋ ሻጭ ሙዓለም ዘይንሁም ነው። ትናንት ሲጠየቅ "የምሠራው በቀኜ ነው" ብሏል።

"ግራውን ክፈቺ" አለ ረእፋት።

ሂንድ መዳፎቹን ገለጠች። ቢላ ያደነደነው ቆዳ ያለው በግራው ነው።

"ግራኝ ነው፤ ዋሽቶናል።"

"ምን አስዋሸው?"

"ግራ እጅ ርኩስ ነው ይላሉ፤ በግራ የታረደ ሥጋ ማን ይገዛዋል? ይህን ክንድ ከነካነው ደግሞ ቢላ መያዝ ሊያቅተው ይችላል።"

"የቀኝ ክንዱ ደም ቅዳ ቀጭን ነው፣ አይሆንም። የእግር ደም መልስ ብንቀጥልለት በዐሥር ዓመት ይደፈናል። ገና ጎልማሳ ነው። ውጪና ቤተሰቡን ጠይቂ።"

ኮሪደሩ በቄራ ሰዎች ተሞልቷል። ልጁ ረጀብ ደም የነካ ልብሷን ሲያይ አንቆ ከግድግዳ ጋር አጋጫት።

"አባቴ ከሞተ አንቺም ከዚህ አትወጪም።"

"አልሞተም። የሚያርደው በየትኛው እጁ ነው?"

የረጀብ ጣቶች አንገቷ ላይ ጠበቁ።

"አባቴን በሰው ፊት ግራኝ ልትይው ነው?"

እናቱ እየገፈተረች መሃላቸው ገባች።

"በቀኙ ነው፣ ወላሂ" አለች፣ የመጨረሻው ሰው እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብላ። በሰፊው ሻርፗ ሥር ግን የሂንድን ግራ እጅ ጨምድዳ ያዘች፤ ጥፍሯ ቆዳዋን በጣው። "ያቺ እጅ ናት የምታበላን" ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከች።

ሂንድ እጇን ታጥባ ገባች። አንገቷ ያቃጥላታል፤ በሁሉም ተናዳለች፣ በተኛውም ሰውዬ ጭምር።

"ምን አሉ?"

"በቀኙ ነው ብለው ማሉ።"

"እንግዲያው ግራውን ክፈቺ" ብሎ ረእፋት ምላጩን አቀበላት።

ግራ ክንዱን በጨርቅ ሸፈነችው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ብቻ እንደምትሰጠው እያወቀች፣ ጎንበስ ብላ የእግሩን ደም መልስ ልታወጣ ባቱን ሰነጠቀች።