ራውተሩ እማዬ ክፍል በነበረበት ጊዜ

እናቴን ሰው ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ክፉ ልጅ ሆኜ አይደለም፤ ወይም ነኝ፣ እሱን እናንተ ፍረዱ። ሰው ያሳጣኋት አራት አንቴና ያለው ነጭ ራውተር መርጬ ነው። ስመርጥ ደግሞ በደንብ ነበር የመረጥኩት። የሚያበግነኝም እሱ ነው።

ቤታችን ምድር ቤቱን ጨምሮ ሦስት ደርብ ነው። አባታችን ልጆቼ ከአጠገቤ አይራቁ እያለ ደርብ በደርብ ላይ ሲከምር ኖሮ ሞተ። ምድር ቤት እማዬ ብቻዋን ናት። አንደኛ ፎቅ ወንድም ጋሼ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል፤ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ከሰዓት በኋላ እቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ያስጠናል። ሁለተኛ ፎቅ ታናሽ እህቴና ባሏ አሉ፤ እሷ ተርጓሚ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር እንደተፋጠጠች ትውላለች። እኔ ጣሪያው ሥር ባለችው ክፍል እኖራለሁ፤ ሚስት የለኝ፣ ድመት የለኝ። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው፣ ቤተሰቡ ግን «ኢንጂነሩ» ይለኛል። ሹመቱን ያገኘሁት አንድ ቀን አልሠራ ያለውን የወንድም ጋሼን ፕሪንተር ሶኬቱን ሰክቼ ስላስነሳሁት ነው።

እማዬን ጉልበቷ ከከዳት አራት ዓመት ሆኗታል። ደረጃ አትወጣም። ከአልጋዋ መስኮቱ ሥር ወዳለው ወንበሯ፣ ከወንበሯ ወደ መታጠቢያ ቤት፣ አለቀ። ሠራተኛዋ ምግቧን አስቀምጣላት ወደ ጣጣዋ ትመለሳለች።

አሮጌው ራውተር የነበረው እሷ ክፍል፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። መስመሩ ወደ ቤቱ የሚገባው በእሷ መስኮት ስለሆነ አባታችን እዚያው ሰቅሎት ነበር የሄደው። ይሄ ራውተር አመለኛ ነበር። ረፋድ ላይ ኔትወርኩን ይቆርጣል፣ ከምሳ በኋላ ይቆርጣል፣ ወንድም ጋሼ ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ዛሬ የምናየው» ሲል ይቆርጣል። ያኔ አንዳችን እየተነጫነጭን እንወርዳለን። ማስነሻው ዘዴ አንድ ነው፤ ከኋላው የተሰኩትን ገመዶች ሁሉ ገፋ ገፋ ማድረግ፣ አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ሦስት ደቂቃ መጠበቅ።

ሦስት ደቂቃ ቆሞ አይጠበቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይባላል። ቁጭ ካሉ ደግሞ ዝም አይባልም። እህቴ ከባሏ ጋር መኳረፏን እማዬ የሰማችው በዚያ ሦስት ደቂቃ ነው። ወንድም ጋሼ የደም ግፊት እንዳለበት ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ለእማዬ የተናገረው በዚያ ሦስት ደቂቃ ነው። እኔ እንኳን፣ አፌ የማይፈታው ሰውዬ፣ ስለ ኮምፕረሰር ሳወራላት ታዳምጠኝ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ወር ወንድም ጋሼ ደሙ ፈላ። ፈተና ሊያስፈትን ሲል ኔትወርኩ ሦስቴ ተቋረጠበት። «ኢንጂነር፣ ወይ ይሄን ነገር ቀይርልኝ፣ ወይ እኔ ቤቱን እቀይራለሁ!» ብሎ ደረጃው ላይ ጮኸብኝ። ሹመት ዕዳ ነው እንዳልል ደስም ብሎኝ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ በቁም ነገር ተፈለግኩ።

ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። ከየክፍሉ የሚገናኘውን ዕቃ ቆጠርኩ፤ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ላፕቶፑ ተደምሮ ሃያ ስድስት። ስልኬን ይዤ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ የዋይፋዩን ጉልበት ለካሁ፤ የቤቱንም ካርታ በወረቀት ላይ ሳልኩ። ለሁለት ሳምንትም ኔትወርኩ የተቋረጠበትን ሰዓት መዘገብኩ። መጨረሻ ላይ እማዬ ክፍል ገባሁ።

«አዲስ ልታመጣ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ። ከዚህ ጣጣ እንገላገል።»

«ይሄ እኮ ይሠራል ልጄ። ትንሽ ሲነካኩት ይነሳል።»

«ጭራሽ የራውተር ጠበቃ ሆንሽ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እሺ፣ አዲሱንም እዚሁ አድርገው» አለችኝ።

እኔ ቂሉ! ሞገዱ ከዚህ ጥግ ተነስቶ ሁለት የኮንክሪት ሶሌታ መሻገር እንደማይችል፣ ራውተር የቤቱ መሐል ላይ መቀመጥ እንዳለበት፣ አምፖልን ጥግ ላይ እንደማንሰቅለው፣ እየዘረዘርኩ አስረዳኋት። ካርታዬንም አሳየኋት። እስክጨርስ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝና «ገባኝ» አለች።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ ሁለት አማራጭ ዘረጋልኝ። አንዱ ብቻውን ጉልበተኛ የሆነ ነው። ሌላው አንድ ዋና ራውተርና በየፎቁ የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ አጋዦች ያሉት ነው። ካርታዬን ሲያይ «ወንድሜ፣ እንዳንተ ተዘጋጅቶ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም» አለኝ፤ ደረቴ ተነፋ። ከዚያ የሰዓቱን መዝገብ ገለጥ ገለጥ አደረገና ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ይሄ ግን ገራሚ ነው። በእረፍት ቀን አንዴም አልተቋረጠም?»

«አንዴም።»

«ሁላችሁም ቤት የምትውሉት ያን ቀን አይደል? ጫናው የሚበዛው እኮ ያኔ ነው። መቋረጥ የነበረበት ያኔ ነበር።»

በእረፍት ቀን ምሳ የምንበላው ምድር ቤት፣ እማዬ ዘንድ ተሰብስበን ነው። እሱን ለሻጩ አልነገርኩትም፤ ምን አገናኘው ብዬ። «አርጅቶ ነው፣ ያረጀ ነገር ጠባዩ አይታወቅም» አልኩትና ሁለተኛውን አማራጭ ይዤ ወጣሁ።

መስመሩን በውጭ ግድግዳ አዙሬ ወደ አንደኛ ፎቅ አወጣሁት። ዋናውን ራውተር ኮሪደሩ መሐል ሰቀልኩ፣ አጋዦቹን ደግሞ አንዱን እህቴ ጋ፣ አንዱን እኔ ጋ አደረግኩ። አሮጌውን ከነገመዱ ጠቅልዬ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ያን ቀን ቤቱ በሙሉ ደስ አለው። ወንድም ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እህቴ ከሁለተኛ ፎቅ ለእማዬ በቪዲዮ ደወለችላትና «አየሽ እማዬ፣ ፊትሽ ጥርት ብሎ ይታያል! ከእንግዲህ መውረድ መውጣት ቀረ!» አለቻት። እማዬም «እሰይ፣ ተገላገላችሁ» አለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዴም አልተቋረጠም። ማንም ደረጃውን በንጭንጭ አልወረደም። ማንም አልወረደም ብል ይሻላል። ስንወጣና ስንገባ በሯ ላይ «እማዬ ደህና ዋልሽ!» እንላለን፤ እሷም ከውስጥ «ደህና» ትላለች፤ እግራችን ግን አይቆምም። ሠራተኛዋ አንድ ጠዋት «እማማ ሳህኑን እንዳለ ነው የሚመልሱት» ስትለኝ፣ ሙቀቱ ይሆናል ብዬ ለሥራዬ ሮጥኩ። በእረፍት ቀን ምሳ ላይም ፀጉሯን ሳታበጥር ቀርባ ነበር። አይቻለሁ። አየሁና ሌላ ወሬ ጀመርኩ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ሥራ ቦታዬ ላይ ዋይፋይ ቢኖር ምናለ ብዬ አሮጌውን ራውተር ከከረጢቱ አወጣሁትና ከነገመዱ እዚያ ባለው የስልክ መስመር ላይ ሰካሁት። በየሰዓቱ እየተነሳሁ ላስነሳው ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቋረጠም። በማግስቱም አልተቋረጠም። አምስት ቀን ሙሉ ስልክ ሁሉ፣ የጎረቤት ሱቅ ጭምር አንጠልጥዬበት ቀጥ ብሎ ሠራ። በስድስተኛው ቀን የሆነ ሞተር ስጎትት ክርኔ የመስመሩን ገመድ ነካው፤ ኔትወርኩ ሄደ። ብድግ ብዬ ሳየው የገመዱ መቆለፊያ ፕላስቲክ ተሰብሯል። ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት ከቦታው ላላ ይላል፣ ገፋ ሲያደርጉት ይመለሳል።

ገመዱን በእጄ እያስኬድኩ ተከተልኩት። እማዬ ወንበር አጠገብ ያልፍ የነበረው ቦታ ላይ፣ ጣት የምታህል ብጣሽ ጨርቅ ታስራበት አገኘሁ። ሰማያዊ ናት። የእማዬ ሻርፕ ጠርዝ ናት። ጠንካራ ቋጠሮ ነው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ለመጎተት እንዲመቸው አድርጎ የቋጠረው።

ፍሪጅ ሰዓት እየጠበቀ ሲበላሽ ዕቃውን ተወው፣ ማን እንደሚከፍተው ጠይቅ። ለደንበኛ ሁሉ የምለው ይሄንኑ ነው። የእረፍት ቀኑ ነገር፣ «እዚሁ አድርገው» ያለችኝ፣ ካርታዬን አንጥፌ ያስረዳኋት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። አፈርኩ። በቁሜ አለቀስኩም፤ ደንበኛ ፊት ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም።

ሱቄን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። ሰዓቱ ገና ስምንት ነው፤ በዚያ ሰዓት እኔ ቤት ገብቼ አላውቅም። እማዬ በጠራራ ፀሐይ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። በሩን ስከፍት ቀና አለች።

«ምን ተበላሸ?» አለችኝ።

«ምንም አልተበላሸም እማዬ። እንዲሁ ልይሽ ብዬ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴ ላይ የለቅሶው ምልክት ሳይኖር አይቀርም። አፍጥጣ አየችኝና ክንዴን ጨመደደችው።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«በሥራ ሰዓት፣ ምንም ሳይበላሽ? አትደብቀኝ። ወንድምህ ነው? ግፊቱ ነው አይደል? ንገረኝ ልጄ፣ እችለዋለሁ።»

ማልኩላት፣ ለመንኳት፣ አላመነችኝም። ወንድም ጋሼ ከላይ ቤት ነበር፤ መጥቶ እንድታየው ብዬ ደወልኩለት፣ ድምፁንም እንድትሰማ ስልኩን ጮክ አደረግኩት።

«ወንድም ጋሼ፣ እባክህ እማዬ ጋ ውረድ» አልኩት።

«ለምን?» አለ። «ኔትወርኩ እየሠራ ነው እኮ።»

እማዬ ድምፁን ሰማች። «ተመስገን፣ ደህና ነው» አለችና ክንዴን ለቀቀችው። ከዚያ ተመልሳ ጋደም አለች፣ «በል አንተም ወደ ሥራህ ሂድ» አለችኝ።