አባቴ አራት ዓመት ሞላት

የማዕድን ኩባንያው ሰው መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን እናቴ አኩሊና አንድ ስሕተት ሠራች። ስሕተት የምለው በእነሱ ዓይን ነው፤ እኛ ዘንድ ሌላ የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ብራድሊ ይባላል። ቀይ ጺም ያለው፣ ትሕትና ያበዛ ሰው ነው። ገና ከመቀመጡ፣ "ወይዘሮ አኩሊና፣ ስለ ወንዙ ዳር መሬት የሚወስነው ማን ነው?" አላት።

"ባሌ ነዋ" አለች እናቴ፣ ቢላዋዋን ከሳልሞን ዓሣው ሆድ ሳታወጣ።

"የት ላገኛቸው እችላለሁ?"

እናቴ በከንፈሯ ጠቆመችው። ባሏ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ የደረቀ ዓሣ ታኝካለች። አፍንጫዋ ይፈሳል። አራት ዓመቷ ነው።

አባቴ አግያክ በሞተ በወሩ የእህቴ ልጅ ተወለደች፤ ስሙም ለእሷ ተሰጠ። ስም የወሰደ ሰውየውንም ወስዷል፤ ወንድ ሴት የለውም። ስለዚህ እናቴ "ባሌ" ትላታለች፣ እኔ "አባዬ" እላታለሁ፣ የገዛ እናቷ እንኳ ስትቆጣት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ማርታ የምትባለው ትምህርት ቤት ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ብራድሊን ግን ኩባንያው ወደ አላስካ ከመላኩ በፊት የአገሬውን ባህል አክብር ብሎ አሠልጥኖታል፤ እሱ ደግሞ የተነገረውን ሁሉ የሚያምን ዓይነት ነው። ኮቱን አስተካክሎ ጠረጴዛው ሥር ገባና እጁን ዘረጋ።

"አቶ አግያክ፣ ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል።"

አባዬ የታኘከውን ዓሣ አስጨበጠችው።

እኔ አልሳቅኩም። ኩባንያው ከወንዙ ራስጌ ያለውን ተራራ ቆፍሮ መዳብና ወርቅ ሊያወጣ ነው፤ መንገዱና ድልድዩ የሚያልፉት ደግሞ በእኛ መሬት፣ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ በየበጋው መረብ በምንጥልበት ቦታ ነው። ቀዩ ሳልሞን ባሕር ከርሞ የተወለደበትን ውኃ እያሸተተ ነው የሚመጣው። መዳብ ውኃው ውስጥ ከገባ አፍንጫው ይደነዝዛል፤ ቤቱ ይጠፋበታል። እሱ ካልመጣ እኛ እዚያ ምን እንሠራለን? እኔ ዓሣ ከማጥመድ ሌላ አላውቅም፣ መማርም አልፈልግም። ፈራሁ።

"እማዬ፣ መሬቱ በአንቺ ስም ነው። አልፈርምም በይውና ይሂድ" አልኳት።

"ባሌ እያለ እኔን ምን አግብቶኝ? እሱ ፈርሚ ካለኝ እፈርማለሁ፣ ተይ ካለኝ እተዋለሁ።"

"ሱሪዋን እንኳ ገና ራሷ መታጠቅ አልቻለችም።"

"ድሮስ መቼ ይችል ነበር?" አለች እናቴ።

ብራድሊ ሥራውን ጀመረ። አባዬን በሄሊኮፕተር ተራራው ላይ አዞራት። በልኳ ቢጫ ሄልሜት አሠርቶ አመጣላት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኝታም አላወለቀችውም። ከሄሊኮፕተሩ ወርዳ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

"ጋስቲ፣ ሄሊኮፕተሩን እፈልገዋለሁ።"

"አባዬ፣ እሱን ከሰጡህ ወንዙን ይወስዱብሃል።"

"ሁለቱንም እፈልጋለሁ።"

አባቴ ቁርጥ እንዲህ ነበር።

ብራድሊ ውሉን ይዞ ሲቀርብ ግን አባዬ በእጇ መለሰችው። "ዓሣው ሲያልቅ" አለችው። ዓሣው በሚገባበት ሰሞን ስለ ሌላ ጉዳይ ማውራት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ይህን ማንም አላስተማራትም። ብራድሊ ሊጠብቅ ወሰነ። እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ እናቴ ቤት እራት አያገኝም። እንግዲህ የኩባንያው ተወካይ ኮቱን አውልቆ መረብ ሲስብ፣ ዓሣ ሲሸከም፣ ዓሣውን በጭስ ለምናደርቅበት ማጨሻ እንጨት ሲፈልጥ ከረመ። አባዬ ሄልሜቷን እንዳጠለቀች ዳር ቆማ ታዝዘዋለች።

"አንተ፣ ሳበው። አይ፣ እንደ አሮጊት አትሳብ።"

"ይቅርታ፣ አቶ አግያክ።"

የሆነ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ መታጠፊያ ላይ፣ እግሩ አዳለጠውና ገባ።

ያ ቦታ የአባቴ ታናሽ ወንድም ኩግዩክ የሰጠመበት ነው። ሬሳው አልተገኘም። ስሙንም ለአንድም ልጅ አልሰጠነውም፤ አንዲት እናት በወለደች ቁጥር እናቴ "ሰውየው ቢመጣስ ምን ተብሎ ሊጠራ ነው?" እያለች ትከለክላለች። ማንም ደፍሮ አይከራከራትም ነበር።

ገመድ ይዤ በዳር በዳር ሮጥኩ። ብራድሊ ሰጥሞ ቆየ፣ በጣም ቆየ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ካለው አሸዋ ላይ በአራት እግሩ ወጣ። መረብ ተጠምጥሞበታል፤ ሸሚዙ ውስጥ አንድ ቀይ ሳልሞን ይንፈራገጣል። አባዬ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ አጠገቡ ደረሰችና ዝቅ ብላ አየችው።

"ኩግዩክ" አለችው። "ቆየህ።"

እናቴ ቢላዋዋን ጣለች። በሕይወቴ እናቴ ቢላዋ ስትጥል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እያለቀሰች ቤት ገብታ ያን ሁሉ ዓመት በጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን የኩግዩክን ቦት ጫማ ይዛ መጣች። ለብራድሊ ጠበበው።

"ውኃ ውስጥ ብዙ ከርሞ እግሩ አብጦ ነው" አለች፣ እየገፋች አስገባችው።

ማታ የዓሣውን ጭንቅላት ለእሱ ሰጠችው። የዓሣውን ዓይን ይበላ እንደሆነ ታየው ጀመር፤ በላ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ጋስቲ፣ ይሄኛው ሥልጠናው ላይ አልነበረም" አለኝ።

"አጎቴ፣ ብላ ዝም ብለህ" አልኩት። ምን ልበለው?

ዓሣው ባለቀ ጊዜ የብራድሊ አለቃ፣ ሃርግሮቭ የሚባለው ሰው፣ ራሱ በሄሊኮፕተር መጣ። ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን፤ እሱና ብራድሊ በዚያ በኩል፣ እኛ በዚህ በኩል። አባዬ የተደራረበ ትራስ ላይ ናት። ሃርግሮቭ ውሉን አስጠጋላት።

"አቶ አግያክ፣ መንገዱ እንዲያልፍ ይስማማሉ?"

አባዬ በመስኮት ሄሊኮፕተሩን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ጠረጴዛው ሥር የእናቴን እጅ ጨብጫለሁ። አለቀልን ብዬ ነበር።

"መሬቱ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ነው" አለች። "እሱን ጠይቀው።"

"ወንድምዎ የት አሉ?"

በከንፈሯ ጠቆመችው።

ብራድሊ እስክሪብቶ ይዞ አለቃው አጠገብ ተቀምጧል። ከሱሪው በታች የኩግዩክ ቦት ጫማ ይታያል። ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና በእኛ በኩል ተቀመጠ። ሃርግሮቭ ደም ሥሩ ተገታተረ፤ ግን ሥልጠናውን የጻፈው እሱ ራሱ ነው፣ መሳቅም መቆጣትም አይችልም።

"እሺ። አቶ… ኩግዩክ። ይስማማሉ?"

ብራድሊ ጫማውን አየ።

"እኔ ቤቴን አግኝቼ ለመምጣት ስንት ዓመት ፈጀብኝ" አለ። "ያውም አፍንጫዬ ደህና ሆኖ። ዓሦቹ አፍንጫቸው ከደነዘዘ በየት በኩል ይመጣሉ? አልስማማም።"

ቀልዱን ይሁን የምሩን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እኔ ግን አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። እናቴ እንደማትፈርም ለመናገር እንኳ አልደከመችም፤ ውሉን ጠቅልላ ዓሣ ማጨሻው እሳት ውስጥ ከተተችው።

"ከሥራ ተባረሃል" አለው ሃርግሮቭ።

"ደግ" አለች አባዬ። "ነገ መረቡን ትጠግናለህ።"

ሃርግሮቭ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አልነበረም። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ። "ጉዳዩን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ራሴ እይዘዋለሁ" አለ። "አስፈላጊ ከሆነ የሚመጣውን በጋ በሙሉ እዚሁ እቀመጣለሁ።"

አባዬ ሄልሜቷን ከዓይኗ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። አባቴ ትልቅ ዓሣ ሲገባለት እንዲሁ ነበር የሚያየው።

"አኩሊና" አለች። "ከሞቱብን ውስጥ ስሙ ያልተሰጠ ማን አለ?"

"ሞልተዋል" አለች እናቴ፣ ለሰውየው ሳህን እያቀረበች።