ሦስት ቋጠሮ ስንዴ

እማማ ይመኙሻል ከእናታቸው የወረሱት ስንዴ ከጎረቤታቸው ከገብረአማኑኤል ስንዴ ጋር አንድ ነው ተብሎ ሊጣል መሆኑን ሲሰሙ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ገሰገሱ። የምርምር ጣቢያው ለማዳቀል የሚፈልገው የተለያየ ዘር ነው፤ መንታ ከተገኘ አንዱ ይጣላል። የእሳቸው በመዝገቡ ላይ «ድጋሚ» ተብሎ ተጽፏል።

«ማነው ይህን የጻፈ?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ራኒያ፣ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ፣ የጣቢያው ባለሙያ። «ዛላውም ቀለሙም ቁመቱም አንድ ሆነብኝ።»

«ገብረአማኑኤልና ወንድሙም ቁመታቸው አንድ ነው፤ አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይተኛል! ብቅሉን ቀምሰሻል? የእኔ ማር ማር ይላል። የእሱ ገለባ ማኘክ ነው።»

ራኒያ ሳቀች። «እንግዲያው ኢንዛይሙን እንየዋ።»

«ምኑን?»

«ብቅሉን የሚያጣፍጠውን ነገር። ዘሩን አብቅለን እንጨምቀውና ጭማቂውን በኤሌክትሪክ እናስኬደዋለን፤ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። ይህ የእናንተ ስንዴ ከሁለት የሣር ዘር የተወለደ ነው። እንደ ሰው ልጅ ግማሽ ግማሽ ሳይሆን የሁለቱንም ሙሉ ሙሉውን ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ መስመሩ ብዙ ነው፤ ልዩነቱ ግን በአንዷ ብቻ ሊሆን ይችላል።»

«ስግብግብ ነው በይኛ! እንደ ገብረአማኑኤል።»

ከነጠላቸው ጫፍ ሦስት ቋጠሮ ፈቱ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለሽ ጻፊባቸው። የማን የማን እንደሆነ አልነግርሽም።»

«የሁለት ሰው ስንዴ ሦስት ሆነ?»

«ዳኛውን ሳልፈትን ፍርድ አልቀበልም።»

በሳምንቱ ሲመለሱ ገብረአማኑኤልም ሊስቅባቸው ተከትሏቸው መጣ። «አንቺ ይመኙ፣ ፊደል ሳትቆጥሪ ማሽን ልትፈትኚ?»

«ዝም በል፣ ውጤት ልሰማ ነው።»

ራኒያ ከማሽኑ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት የረጋ፣ በቀለም የጠቆረ ነገር አወጣች። ነጫጭ መስመሮች ተጋድመውበታል። «አንደኛውና ሦስተኛው ልክ አንድ ናቸው። ሁለተኛው ግን ይህች የታችኛዋ መስመር የለችውም።» አንገቷን ደፋች። «ተሳስቻለሁ እማማ።»

«አንደኛውና ሦስተኛው የእኔ ናቸው፤ ካንድ ጎተራ የዘገንኩት። ሁለተኛው የዚህ ሰውዬ ነው።»

«ከአውድማዬ ሰርቀሽ?»

«አንድ እፍኝ ነው፤ አትንጫጫ!» ማሽኑን እንደ በሬ ጀርባ ቸብ ቸብ አደረጉት። «የእኔን ሁለቱን አንድ አለ፤ ፈተናውን አልፏል። ይህስ ጎበዝ ነው።»

ራኒያ «ድጋሚ» የሚለውን ሰረዘች። «ስንዴውን ማን እንበለው?»

«ወለተሐና። እናቴ ናት።» ወደ መዝገቡ ጎንበስ አሉ። «አስተካክለሽ ጻፊው!»

«እሺ። አሁን መንታ ስላልሆኑ ሁለቱም ለማዳቀል ይገባሉ።»

«የእሱም?» አሉ እማማ ይመኙሻል፣ ፈገግታቸው በግማሽ ተሰብስቦ።