ትክክለኛ ግልባጭ

ሴናተር ሌሙኤል ሃርግሮቭ ደብዳቤ የሚጽፉት ለሚላክለት ሰው አልነበረም። ሰውዬው በአጋጣሚ በሕይወት ስለተገኘ ስሙ ከላይ ይሰፍራል እንጂ፣ ደብዳቤው የሚጻፈው ገና ላልተወለዱት ነበር። የቀኝ እግር ጫማቸው መጥበቡን ለጫማ ሰፊያቸው ሲያስታውቁ እንኳ ስለ ጥንቷ ሮማ ሁለት አንቀጽ ይጨምሩ ነበር። ጫማ ሰፊውም ሁለቱን አንቀጽ ዘሎ የእግራቸውን ልክ ይፈልጋል።

ፊላዴልፊያ መዲና በነበረችበት በዚያ ዘመን፣ ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቁጥር ከቨርጂኒያ ሦስት ነገር ይዘው ይመጡ ነበር፤ ሪህ የያዘው ግራ ጉልበታቸውን፣ የብረት የደብዳቤ መገልበጫቸውንና ብሪስቶልን። ብሪስቶል ባሪያቸው ነው። ሣጥን የምታህለውን መገልበጫ ይዞ ከኋላቸው መከተል ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ በደብዳቤው ላይ እርጥብ ስስ ወረቀት ያለብሳል፣ ብረቱ መካከል ይከታል፣ እጀታውን ያዞራል። ቀለሙ ወደ ስሱ ወረቀት ሰርጎ ከጀርባው በኩል ጥርት ብሎ ይነበባል። ዋናው ለተጻፈለት ሰው ይሄዳል፤ ግልባጩ ከሴናተሩ ዘንድ ይቀራል። የነገ ታሪክ ጸሐፊዎች እንዳይቸገሩ በማሰብም በያንዳንዱ ግልባጭ ግርጌ «ትክክለኛ ግልባጭ» ብለው በገዛ እጃቸው ይፈርማሉ።

ብሪስቶል ማንበብ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ጠይቀውት ግን አያውቁም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል በብረት ሲጨምቅ የኖረ ሰው አንድ ፊደል እንኳ አይሰርግበትም ብሎ ማሰብ የትልቅ ሰው ሞኝነት ነው።

በዚያ ዓመት የብርድ ወራት ደብዳቤዎቻቸው በመጽሐፍ ሊታተሙላቸው ስለነበር ደስታቸው ሪሁን አስረስቷቸው ሰነበተ። የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት ለብሪስቶል ሁለት ደብዳቤ ሰጡት። አንደኛው ፓሪስ ላለ ፈላስፋ ነበር። «መጽሐፍዎን አንብቤ ስጨርስ ሰውን ባሪያ አድርጎ መያዝ አሳፈረኝ» ይላል። «በገና ዕለት ብሪስቶልን ነፃ አወጣሁት። አልቅሶ ጉልበቴን አቀፈ። ደመወዝ አልሻም፣ ከእርስዎም አልለይም አለኝ።» ብሪስቶል እጀታውን እንደያዘ ገናን አስታወሰ። በገና የተሰጠው ተረከዙ የተጣፈ የሴናተሩ አሮጌ ካልሲ ነበር፤ ያውም አንድ እግር።

ሁለተኛው ቨርጂኒያ ላለው የእርሻ አለቃቸው ለክራብትሪ የተጻፈ ነው፤ ሦስት መስመር ብቻ። «በመጋቢት ብሪስቶልን ይዤው እመጣለሁ። የከተማ ኑሮ አጥግቦታል። ለካሮላይናው ነጋዴ ሽጠው።» ስለ ሮማ አንድም ቃል የለበትም።

ብሪስቶል ፈራ። ካሮላይና ማለት የሩዝ ረግረግ ነው፤ ሄዶ የተመለሰ አላየም። ሚስቱ ሄስተር ደግሞ እዚሁ ከተማ ልብስ አጥባ የምታድር ነፃ ሴት ናት። መጋቢት ሊገባ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

ቀትር ላይ እማጠቢያዋ ድረስ ሄዶ ሁለቱንም በቃሉ ነገራት። ሄስተር ስትጨነቅ ምላሷ ይሳላል።

«የትኛውን ጉልበት ነው ያቀፍከው?» አለችው። «ሪሃሙን ነው ወይስ ደህናውን?»

«ሄስተር፣ ሊሸጡኝ ነው እያልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ።» በእጇ የነበረውን ሸሚዝ አንገቱን እንደያዘችው ሰው ጠመዘዘችው። «ብትጠፋስ?»

«የጠፋ ፈረስ ይመስል በጋዜጣ ያስለፍፉብኛል።»

ሸሚዙን ገመድ ላይ ሰቀለችው። «ያቺ የፓሪሷ ደብዳቤ መጽሐፉ ውስጥ ትገባለች?»

«መጀመሪያ ገጽ ላይ።»

«ግልባጯ ላይ ፈርመዋል?»

«መቼ ሳይፈርሙ ቀርተው ያውቃሉ?»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ሂድና ውረሳት።»

መጽሐፉን የምታትመው ታሲ ፓሽል የምትባል ባልቴት ናት፤ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነች። ኩዌከሮች መሐላ አይምሉም፣ ለማንም ባርኔጣ አያነሡም፣ ንጉሥም ይሁን ከብት ነጂ የሚሉት «አንተ» ነው። ራሷም አንቱታ አትወድም። ብሪስቶል ግልባጮቹን ሲያደርስላት የፓሪሷን ደብዳቤ ከላይ አደረገና የገናውን ካልሲና የክራብትሪን ሦስት መስመር አንድ ሳያስቀር ነገራት። ታሲ መነጽሯን አጥልቃ ፊርማውን አየች፣ መነጽሯን አውልቃ ብሪስቶልን አየች።

«እኔ ውሸት አላትምም» አለች። «ስለዚህ ይህ ነገር እውነት መሆን አለበት።»

በሦስተኛው ቀን ሴናተሩ የመጀመሪያውን ገጽ ሊያዩ መጡ። ብቻቸውን ግን አልመጡም፤ ሲያነቡ የሚያደንቃቸው ስለሚያስፈልግ ከኮኔቲከት ሁለት የምክር ቤት ጓደኞቻቸውን አስከትለዋል። ብሪስቶልም መገልበጫውን ተሸክሞ ከኋላ ነበር። ሴናተሩ ገጹን አንሥተው ድምፃቸውን አሳምረው አነበቡት። ጉልበት የታቀፈበት ቦታ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛው እንዲያውም ዞሮ ብሪስቶልን ጨበጠው።

«ሌሙኤል» አለች ታሲ፣ «የነፃነት ወረቀቱ የታለ? ከደብዳቤው ሥር ላትመው እፈልጋለሁ።»

ሴናተሩ ያለ ማዕረግ ሌሙኤል ተብለው ከተጠሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። «ወረቀቱ ቨርጂኒያ ነው» አሉ።

«አትቸገር። ሌላ ጻፍ። ወረቀትም ቀለምም እኔ ዘንድ ሞልቷል።»

«እመቤት ፓሽል፣ ይህ እኮ የሁለት ፈላስፎች ጨዋታ ነው። ሐሳቡን ነው ማየት እንጂ...»

«ሐሳቡንማ አየሁት፤ መልካም ሐሳብ ነው። ‹ትክክለኛ ግልባጭ› የሚለው የእጅህ ጽሑፍ አይደለም?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የብዕር ወለምታ ደግሞ ይብሳል። ሴናተሩ ጓደኞቻቸውን አዩ። ጓደኞቻቸው ኮኔቲከት ሲመለሱ ለስንት ሰው እንደሚያወሩት ታያቸው። ዋሸሁ ካሉ መጽሐፉም ስማቸውም ገደል ገባ። መጻፍ ከጀመሩ ማንም ሊያስቆማቸው የማይችለው ሰው፣ ያን ዕለት ብዕር ለመያዝ የወሰደባቸው ጊዜ ጉድ ነበር።

ከያዙ በኋላ ግን ያው እሳቸው ናቸው። ስለ ሮማ ጀመሩ።

«እሱን ተወው» አለች ታሲ። «ስሙን፣ ነፃ መሆኑን፣ የዛሬን ቀን።»

«ቀኑ እንኳ የገና ዕለት...»

«ዛሬ የሚጻፍ ዛሬ ነው። እኔ ገናን አላየሁም።»

ጻፉ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው በምስክርነት ፈረሙ። ሴናተሩ ጽሑፋቸውን መልሰው ሲያነቡት የገዛ ደግነታቸው አንጀታቸውን በላውና እንባቸው መጣ። ያን ዕለት እዚያ ቤት ያለቀሰ ሌላ ሰው የለም።

«ቶሎ ግልባጭ አውጣበት» አሉ መሐረባቸውን እየፈለጉ። «ለታሪክ ነው።»

ብሪስቶል ስሱን ወረቀት አርጥቦ አለበሰው፣ እጀታውን አዞረው። እጁ በዕድሜው እንደዚያ ጸንቶለት አያውቅም። ሁለቱን ወረቀቶች ሲለያይ ሴናተሩ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ዋናውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና እርጥቡን ግልባጭ እጃቸው ላይ አኖረላቸው።

«ዋናው?» አሉ።

«ዋናው ለተጻፈለት ሰው ነው፣ ጌታዬ። ሥርዓቱ እንዲያ ነው።» ኪሱን መታ አድርጎ ጨመረ፤ «ለክራብትሪም አንድ መስመር ይጻፉለት። ያቺ የካሮላይናዋ ደብዳቤ ደርሳው በከንቱ እንዳይደክም።»

የኮኔቲከት ሰዎች ተያዩ። የሴናተሩ ፊት እንደያዙት ወረቀት ሳሳ።

«ማንበብ ትችላለህ?»

«ከጀርባ በኩል ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

ባርኔጣውን አንሥቶ እዚያው ፊታቸው አናቱ ላይ ደፋ፤ በታሲ ቤት ይህ ነውር አይደለም። በሩ ጋ ሲደርስ ሴናተሩ ጠሩት። እርጥቡን ወረቀት በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው መገልበጫውን ይመለከቱ ነበር።

«ብሪስቶል፣ ይህ ነገር የሚደርቀው እንዴት ነው?»

«እንጃ፣ ጌታዬ» አለ ብሪስቶል። «ከእርስዎ አልለይም ያለውን ሰውዬ ይጠይቁት።»