የዝምተኞቹ አከራይ

ሰፈሩ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ዝምተኞቹ። የሟቹን አናጢ ወርክሾፕ ተከራይተው ማምሻውን ከሥራ መልስ ይሰበሰባሉ። አግዳሚ ላይ ተደርድረው ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ጥቂት ያንጎራጉራሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። ሰፈሩን የከነከነው ዝምታው አልነበረም፤ ሳቁ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ምን አግኝቶ ይስቃል?

አከራያቸው የአናጢው ሚስት ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከግድግዳው ወዲህ ማዶ ብቻዋን ትኖራለች። ልጆቿ አድገው ርቀዋል፤ ሲደውሉ ስለ ደም ግፊቷ ይጠይቃሉ፣ ደም ግፊቷ ደህና ከሆነ ጨዋታው ያልቃል። ዝምተኞቹ በሚመጡበት ቀን ሬዲዮኗን ትዘጋለች። አንዱ ሲስል የማን ሳል እንደሆነ በድምፁ ብቻ ለይታ ታውቃለች። እነሱ በሚገቡበት ሰዓት የደረቀ ልብስ የምትሰበስብ መስላ ብቅ ትላለች፤ ምናልባት ሊጋብዛት ያሰበ ሰው ቢኖር ፍለጋ እንዳይቸገር ብላ ነው። እነሱ ግን "እንደምን ዋሉ እማማ" ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ይገባሉ። ልብሱ ከደረቀ ቆይቷል።

አንድ እሁድ ታናሽ ወንድሟ መጣ። ፋርማሲ አለው፤ የሰፈሩም ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና ነገሩን አስረዳት። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ አዲስ እምነት ቢሆንስ ምናለበት፣ ይጸልዩበት ይላል፤ ግማሹ ሰው የሚያጠምድ ኑፋቄ ነው ይላል። እሱ ሰው መበደል አይፈልግም። ስለዚህ የአጥማጆችን ምልክት ከኢንተርኔት ለቅሞ በስልኩ ይዟል። ለግድግዳው ከእሷ የቀረበ ስለሌለ ኮሚቴው በእሷ ቃል ያድራል። አጥማጆች ከሆኑ ይወጣሉ።

መጀመሪያ የሚሰግዱለት መሪ አላቸው ወይ ብሎ ጠየቃት። ቀድሞ መጥቶ ወለሉን የሚጠርገው ጡረተኛ ሹፌር መሪ ይመስላል፣ ግን ደህና አልጠረግክም እያሉ ይቆጡታል አለችው። ሰውን ከቤተሰቡ ይለያሉ ወይ አላት። ከቤተሰቡ የራቀ ሁሉ የእነሱ ከሆነ የእኔ ልጆች ሳይሾሙ አልቀሩም አለችው። አልሳቀም፤ የስልኩን ዝርዝር በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገና ቀና አለ።

"አንቺንስ፣ እትዬ? ሊያስገቡሽ ሞክረዋል?"

ፊቷ ጋለ። መንገደኛውን ሁሉ ያጠምዳሉ የሚባሉ ሰዎች አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቷቸው ይህን ያህል ጊዜ ሲኖሩ፣ አንዴ እንኳ ዞር ብለው አላዩዋትም። ምን ቢጎድላት ነው ወጥመድ እንኳ የሚያልፋት?

"ሞክረዋል እንጂ" አለች። "ለምነው ለምነው እምቢ አልኳቸው።"

ወንድሟ ስልኩን ኪሱ ከተተ። "በቃ፣ ይኸው ነው" ብሎ ተነሳ። ምን እንዳደረገች የገባት የውጭውን በር ዘግቶ ሲሄድ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ፋርማሲው ሄዳ እንደ ታማሚ ተሰለፈች። የተናገረችውን ለማፍረስ ያልተናገረችውን መናገር ሊኖርባት ነው። ተራዋ ሲደርስ ከፊቷ የሳል ሽሮፕ የገዛችው ሴት ገና ዘወር አላለችም ነበር።

"ዋሽቼህ ነው" አለችው። "ማንም አልጠራኝም። አንድ ቀን እንኳ ግቢ ያለኝ የለም።"

ሴትዮዋ ሽሮፑን ይዛ አየቻት። ወንድሟ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ እጇን ያዘ፤ እጇን ከያዘ ስንት ዘመኑ።

"እትዬ" አላት በለሆሳስ፣ "ይሄም ምልክት ነው። የተያዘ ሰው መጨረሻ ላይ ጥብቅና ይቆምላቸዋል።"

ከዚያ አስቀምጦ ደም ግፊቷን ለካ። ደህና ነበር።

ኮሚቴው ቤቱን እንዲለቁ ነገራቸው። ዝምተኞቹ አልተከራከሩም፤ እማማን ካስቸገርን እንሄዳለን አሉ አሉ። የሚለቁበት ቀን አንዲት የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመች። እሷ መስኮት ላይ ቆማ ብዙ አየች፣ መጨረሻ ላይ ግን አላስቻላትም፤ ወጥታ የቀረውን አግዳሚ በአንድ ጫፍ ያዘች። በሌላው ጫፍ ያ ጡረተኛ ሹፌር ነበር፣ ወደ ኋላ እየተራመደ።

"ከእኛ አንዱ አስቸግሮዎታል ተብለናል" አላት። "ማን እንደሆነ ግን ልንደርስበት አልቻልንም። ይቅር ይበሉን።"

"ማንም አይደለም" አለች።

"እኛ እኮ ሰው መጥራት አንወድም፤ እንደ መጎተት ይሆንብናል። የመጣ ይግባ ብለን በሩን ቆልፈን አናውቅም።"

ጥቂት ተራመዱ። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀችው።

"ገና ቤት አላገኘንም" አለ።

መኪናው ዘንድ ሲደርሱ የእሱን ጫፍ ጭነቱ ላይ አሳረፈ፣ ወጣና ከላይ ሆኖ ሳበ። አግዳሚው አልመጣለትም። እንደገና ሳበ፣ ከዚያ ቁልቁል አያት።

"እማማ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይልቀቁት።"