ፊታቸውን የሚያዞሩት እናት

እትዬ ሙሉ፣ ታቦር ሰፈር ወዳለው ክሊኒካችን የሚመጡት ሁልጊዜ ከልጃቸው ከህሊና ጋር ነበር። ሳላቸው አልለቅ ብሎ ከርሟል። አንዱ ሐኪም ብርድ ነው አላቸው፣ ሌላው አለርጂ። ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ነጠላ ያጣፉ የተከበሩ እናት እንዴት ተብሎ ይጠየቃሉ፣ ያውም ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ! እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ለወንድ የማይቀረው ጥያቄ ለሴት ሲሆን ስድብ ይመስለናል።

እኔ እዚያ ነርስ ነኝ። አንድ ቀን ህሊናን ካርድ ክፍል ላክኳትና በሩን ዘጋሁት። "እትዬ ሙሉ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?" አልኳቸው፣ ስለ ደም ግፊታቸው እንደምጠይቅ ሁሉ በተራ ድምፅ።

እንባቸው መጣ። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አሉ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጸሐፊ ሳሉ የጀመሩት ነው። ልጃቸው ከቤት ስትወጣ ጓሮ ያጨሳሉ፣ ልብስ ይቀይራሉ፣ ሎሚ ያኝካሉ።

"ህሊና ልትስመኝ ስትጠጋ ፊቴን አዞራለሁ፣ ትንፋሼ እንዳይሸታት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አሁንማ እሷም መሳሙን ትታዋለች" አሉኝ። ለልጃቸው ትንፍሽ እንዳልል አስማሉኝ፤ ማልኩላቸው።

አልተቆጣኋቸውም። ቁጣ ማንንም ሲጋራ ሲያስጥል አላየሁም። መቼ መቼ እንደሚያምራቸው ጠየቅኳቸው። የሚያቆሙበትን ቀን ራሳቸው መረጡ፣ የዐቢይ ጾም መግቢያን። አምሮቱ ሲነሳ ጥቂት ቆይቶ እንደሚያልፍ ነገርኳቸው፤ እስኪያልፍ ውሃ እንዲጠጡ፣ ካልሆነም እንዲደውሉልኝ። ደወሉ። አንዳንዴ ይቆጡኛል፣ አንዳንዴ ያለቅሳሉ። አንዴ አቅቷቸው አጨሱና ለመምጣት አፈሩ። እኔው ደውዬ፣ "ይምጡ፣ እንደገና እንጀምራለን" አልኳቸው። ጀመሩ፣ ተዉትም።

ሳንባቸው እንዲታይ ሆስፒታል የላክናቸው በዚያው ሰሞን ነው። ዘግይተን ነበር። የሳንባ ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል።

ውጤቱን ከሰሙ በኋላ ወደ ሲጋራው ይመለሳሉ ብዬ ፈራሁ። ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው።

"ለመኖር ብዬ የተውኩት መሰለሽ እንዴ፣ ልጄ?" አሉኝ። "ትናንት ህሊናን ሳምኳት። ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች።" እየሳሉ ሳቁ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ከክረምቱ በፊት ሞቱ።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ህሊና ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አባብጧል።

"መጨረሻ ሰሞን ስማ አትጠግበኝም ነበር" አለችኝ። "እንደምትሞት ስታውቅ ነው የወደደችኝ፣ ሲስተር። ያን ሁሉ ዓመት ምን አድርጌያት ነው?"

መሐላዬ ትዝ አለኝ። ልነግራት ፈለግሁ፤ እትዬ ሙሉ ደግሞ ገና አፈር መልበሳቸው ነው።

"ሁልጊዜም ሊስሙሽ ይፈልጉ ነበር" አልኳት።

"ማን ነገረሽ?"

"እሳቸው።"

"ላንቺ ነገረችሽ። ለእኔ ግን አልነገረችኝም" አለችና ፊቷን አዞረችብኝ።